ዱላው ለማን ተሠራ?

እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንዱ ንጉሥ የዳግማዊ ጄምስ ፓርላማ ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ችላ ብሎ በእግር ኳስና በጎልፍ ጊዜውን እንዳያጠፋ በአዋጅ ከለከለ። ግማሽ ምዕት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1502፣ የልጅ ልጁ ጄምስ አራተኛ ፐርዝ ከተማ ከነበረ ቀስት ሠሪ የጎልፍ ዱላ እንደገዛ የግምጃ ቤቱ መዝገብ ያሳያል። በ1603 ደግሞ ጄምስ ስድስተኛ ዊልያም ሜይን የተባለ ቀስት ሠሪ የቤተ መንግሥቱ ዱላ ሠሪ አድርጎ ሾመ። ሥራው ለቀስት ሠሪ መሰጠቱ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ቀስት ከሚስበው ሰው ክንድና ጉልበት ጋር ካልተመጠነ አይረባም። እኛም ዘንድ የገና ዱላ ሊቆርጥ ጫካ የገባ ልጅ ከቁመቱ ጋር የሚስማማውን ቆልማማ እንጨት እንጂ የጎበዙን ጓደኛውን ዱላ አምሳያ አይፈልግም።

ይህ ልማድ ረጅም ዘመን ኖረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሴንት አንድሩስ ስሙ የገነነው ሂው ፊልፕ ዱላን አንድ በአንድ በእጁ እየጠረበ ይሠራ ነበር። ኳሱም የእጅ ሥራ ነበር፤ ቆዳ ውስጥ የተቀቀለ ላባ እየተጠቀጠቀ ይሰፋል፣ ጎበዝ ሠራተኛ እንኳ በቀን ከጥቂት ኳስ በላይ አይወጣለትም። በ1848 ጉታ ፐርቻ ከሚባለው የዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽ ኳስ ሲመጣ ዝነኛው ኳስ ሠሪ አለን ሮበርትሰን ተቃወመው፤ ረዳቱ ቶም ሞሪስ በአዲሱ ኳስ በመጫወቱም ሁለቱ ተለያዩ። አዲሱ ኳስ ግን አሸነፈ፣ ጨዋታውም ኪሱ ሳሳ ላለው ሰው ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ብዙው ለውጥ በዚሁ መንገድ አልፏል፤ ባለሙያው ይጠራጠራል፣ ተራው ተጫዋች ይቀበላል።

የብረት ዘንግ በአሜሪካ በ1924፣ በብሪታንያ በ1929 ተፈቀደ። ያን ጊዜ አንድ ዓይነት ዱላ በብዛት ማምረት ቀላል ሆነ፣ ሠሪውና ተጫዋቹም ተራራቁ። ፋብሪካው የማያውቀውን ገዢ ሊለካ ስለማይችል የሻምፒዮኑን ዱላ አምሳያ ሸጠለት። የዚያ ዘመን አይረን፣ ማለትም ራሱ ብረት የሆነው ዱላ፣ ስስ ነበር፣ ክብደቱም ከፊቱ መሐል ጀርባ የተከማቸ። መሐሉን ለሚያገኝ ድንቅ መሣሪያ ነው። ኳሱ ወደ ጫፍ ወይም ወደ ተረከዝ ባረፈ ጊዜ ግን የዱላው ራስ በእጅ ውስጥ ይዞራል፤ ኳሱም አቅጣጫውን ይስታል፣ ርቀቱም ይቀንሳል። ሃንዲካፑ ከፍ ያለ፣ ማለትም ችሎታው ገና ዝቅ ያለ ተጫዋች ደግሞ መሐሉን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ትውልድ ሙሉ ሰዎች ጥፋቱ የራሳቸው ብቻ እንደሆነ አምነው መጫወታቸው ያሳዝነኛል።

ነገሩን የለወጠው ጎልፍን በአርባ ሁለት ዓመቱ የጀመረ ሰው ነው። ካርስተን ሶልሃይም በ1911 በኖርዌይ በርገን ተወልዶ በልጅነቱ አሜሪካ የገባ፣ በጄኔራል ኤሌክትሪክ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ኳሱን ወደ ጉድጓዱ የሚያንከባልልበት ዱላ፣ ፑተሩ፣ እየከዳው ሲያስቸግረው በ1959 በቤቱ ጋራዥ የራሱን ሠራ። ኳሱን ሲመታ ከሚያሰማው ድምፅ ተነሥቶም ፒንግ አለው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ክብደቱን ከመሐል አንሥቶ ወደ ዳርና ዳር ሲያወጣው የዱላው ራስ በቀላሉ አይዞርም፣ መሐሉን የሳተ ምትም ብዙ አይቀጣም። ይህንኑ ወደ አይረን አሻገረው፤ በ1982 የወጣው ፒንግ አይ 2 ጀርባው የተቦረቦረ አይረን በዓለም ዙሪያ እንዲለመድ አደረገ። ድርጅቱ ተጫዋቹ በቁመቱና በእጁ ርዝመት ተለክቶ ከመሬት ጋር የሚስማማ ዱላ የሚያገኝበትን የቀለም ምልክት አወጣ። ቀስት ሠሪው በመሐንዲስ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። በ1991 የወጣው የካላዌይ ቢግ በርታ የድራይቨሩን፣ የረጅሙን ምት ዱላ፣ ራስ አሰፋ፤ ስፋቱ እየጨመረ ሄዶ በ2004 በ460 ሲሲ ተገደበ።

ዛሬ መደብር የሚገባ ተጫዋች የዚህ ሁሉ ወራሽ ነው። ሆኖም አሮጌው ፈተና መልኩን ቀይሮ መጥቷል። በ1970ዎቹ ሰባት ቁጥር አይረን ፊቱ ወደ 36 ዲግሪ ያጋደለ ነበር፤ ዛሬ ለተራ ተጫዋች ከሚሸጡት ብዙዎቹ ከ30 በታች ናቸው። ቁጥሩ ያው ሆኖ ኳሱ ስለሚርቅ ገዢው ይደሰታል። ነገር ግን አወዛወዙ ዝግ ያለ ሰው እንዲህ ቀጥ ባለ ፊት ኳሱን ከፍ ማድረግ ሊያቅተው ይችላል፤ ለአጭር ምት ከሚይዛቸው ዌጆች ጋርም ሰፊ የርቀት ክፍተት ይፈጠርበታል።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ተጫዋች ታችኛው ገጹ ሰፋ ያለና ጀርባው የተቦረቦረ አይረን፣ በሦስትና በአራት ቁጥር አይረን ፋንታ የአይረንና የእንጨት ዱላ ቅይጥ የሆነው ሃይብሪድ፣ ከ10.5 ዲግሪ ያላነሰ ድራይቨር፣ ለጉልበቱ የሚተጣጠፍ ዘንግ እመርጥለታለሁ። የጥቂት ዓመት ያገለገለ ዱላም አይናቅ፤ የሶልሃይም ሐሳብ በእርጅና አይበላሽም። ከ1938 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የተደነገገው አሥራ አራት ዱላ ጣሪያ ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ቺክ ኢቫንስ በ1916 የአሜሪካ ኦፕንን ያሸነፈው በሰባት ዱላ ነው።

ጨዋታው ራሱ ለደካማው ቦታ እየሰጠ ነው፤ በ2020 የጀመረው የዓለም ሃንዲካፕ ሥርዓት ለወንድም ለሴትም እስከ 54 ይፈቅዳል። በ2023 ደግሞ የጎልፍ የበላይ አካላት የኳስን ርቀት ለመገደብ መወሰናቸውን አስታውቀዋል። ያ ሲሆን ፋብሪካዎች ያጡትን ርቀት የዱላውን ፊት ይበልጥ በማቅናት ሊመልሱ ይሞክራሉ ብዬ እጠብቃለሁ። ገዢው ከዋጋው አስቀድሞ የእያንዳንዱን አይረን ዲግሪ ይጠይቅ፣ ሳይለካና ሳይሞክርም አይክፈል።