ከቆጣሪው ወዲህ፦ የዓዲ ሓቂ ቧንቧና የጠብታው ታሪክ

የመቀሌ የውሀ ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከምንጩ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በጥር ወር 1888 ዓ.ም. በእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ መሽጎ የነበረው የኢጣልያ ጦር ምሽጉን ለቅቆ የወጣው በጥይት እጥረት ሳይሆን በውሀ ጥም ነበር። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምሽጉ ይቀዳበት የነበረው ምንጭ በኢትዮጵያ ወታደሮች እጅ ሲገባ፣ ሻለቃ ጋልያኖ የሚያዝዘው ጦር ያጠራቀመውን ውሀ እየለካ ከማደል በቀር ሌላ መላ አላገኘም። ከዚያ ወዲህም ስለ ከተማይቱ ውሀ የሚጻፈው ሁሉ ዐይኑን የሚጥለው በምንጭ ላይ ነው፤ በዓይናለም ጉድጓዶች፣ በግባ ወንዝ ላይ በተጀመረው ግድብ፣ በፓምፕና በዋና መስመር ላይ። የቧንቧው ሌላኛው ጫፍ፣ ይኸውም በዓዲ ሓቂ ግቢ ውስጥ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ የሚያድረው ሩቢኔቶ፣ የራሱ ታሪክ እንዳለው የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩ ወደ ኋላ የሚወስደው ወደ እንግሊዝ አገር ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በለንደን ውሀ ለየቤቱ የሚታደለው በፈረቃ ሲሆን፣ የውሀ ኩባንያዎቹም ሳይቋረጥ የሚመጣ ውሀ ቢሰጥ በየቤቱ ፈስሶ ይቀራል እያሉ ይከራከሩ ነበር። ፍራቻቸው ፈጽሞ መሠረት የሌለው አልነበረም። በዘመኑ የነበረው የቧንቧ መክፈቻ እንደ ውታፍ የሚዞር ሾጣጣ ነሐስ ስለሆነ ብርቱ ግፊትን አይችልም፤ በድንገትም ሲዘጋ መስመሩን ይመታዋል። መሐንዲሱ ቶማስ ሆክስሊ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በኖቲንግሃም ከተማ ሳይቋረጥ በግፊት የሚመጣ ውሀ ማደል እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1845 ደግሞ በሮዘራም ከተማ ኤድዋርድ ክራይምስ በብሎን እየወረደ የሚዘጋውን መክፈቻ በስሙ አስመዘገበ። በዚህ መክፈቻ ውስጥ ያለችው ለስላሳ ክብ ክዳን ቀስ ብላ ወርዳ በነሐሱ መቀመጫ ላይ ታርፋለች፤ ስታረጅም እርሷ ብቻ ትለወጣለች። ዛሬ በየቤቱ የሚታወቀው ተራ ሩቢኔቶ በመሠረቱ ይኸው ነው። እንግዲህ መሣሪያው ሳይቋረጥ ለሚመጣ ውሀ የተስማማ ነበር ማለት ነው፤ በፈረቃ ለሚመጣ ውሀ አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ የቧንቧ ውሀ የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ውሀ በቧንቧ ባስገባ ጊዜ፣ ውሀ ወደ ላይ ሲወጣ ያየው ሕዝብ ተደንቆ ግጥም እስከ መግጠም ደርሶ ነበር። ያ ቧንቧ ባንጠባጠበ ጊዜ ማን ይጠግነው እንደነበረ ግን ግጥሙ አይነግረንም። የጥገናው ሙያ በስፋት የተሠራጨው ከኢጣልያኖች ጋር እንደሆነ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ሩቢኔቶ፣ ቱቦ፣ ላቫንዲኖ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ውሀ የሚያመላልሰው ቦቴ ሳይቀር። ለአሥመራ ቅርብ በሆነችው መቀሌ ደግሞ እነዚህ ቃላት በትግርኛውም በአማርኛውም እኩል ይሠራሉ። ምንጭ፣ ጉድጓድና እንስራ የአገር ስም ሲኖራቸው፣ የሚዘጋውና የሚከፍተው ዕቃ ሁሉ የተውሶ ስም መያዙ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

መቀሌ ላይ ሁለት ነገሮች ይህን መሣሪያ ያስቸግሩታል። አንደኛው ድንጋዩ ነው። ከተማይቱ የተመሠረተችበት ምድር የሥነ ምድር ሊቃውንት በሕንጣሎ ስም የሚጠሩት የኖራ ድንጋይና በላዩ ያለው ሸክላማ ድንጋይ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚወጣው የጉድጓድ ውሀ ኖራ ይበዛበታል። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚታየው ነጭ ቅርፊት በሩቢኔቶው መቀመጫ ላይም ይጋገራል። ላስቲኩ በሻካራ መቀመጫ ላይ ሲያርፍ በደንብ አይገጥምም፤ ቤተሰቡም ጠብታውን ለማቆም አጥብቆ ያዞረዋል፤ ላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ በመጨረሻም የብሎኑ ጥርስ ያልቃል። ብዙ ሩቢኔቶ የሚሞተው በእርጅና ሳይሆን በዚህ ዐይነት ጉልበት ነው።

ሁለተኛው ፈረቃው ነው። መቀሌ ለብዙ ዓመታት ውሀ በየቀኑ የማይደርሳት ከተማ ሆና ኖራለች። ባዶ የነበረ መስመር ውሀ ሲገባበት አየሩ ቀድሞ በኃይል ይወጣል፤ ቆጣሪውንም በነፋስ ያሽከረክረዋል (ለነፋስ መክፈሉ ደግሞ ሌላ አቤቱታ ነው)። የዚንክ ቅብ ያለው የብረት ቧንቧ አንድ ጊዜ እየረጠበ አንድ ጊዜ እየደረቀ ቶሎ ይዝጋል። ከሁሉ የከፋው ግን መስመሩ ሲጎድል የሚሆነው ነው። ግፊቱ ከውጭው አየር በታች ሲወርድ ውሀ ያፈስ የነበረው ቀዳዳ በተራው በዙሪያው ያለውን እርጥብ አፈርና ፍሳሽ ወደ ውስጥ ይስባል። በመሆኑም የሚያፈስ ቧንቧ ጉዳይ የሒሳብ ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው።

ዓዲ ሓቂ የመቀሌ አንዱ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ገበያውና የዩኒቨርሲቲው ግቢ ብዙ ሰው የሚያሰባስቡበት ሰፈር ነው። ውሀ በሌሊት የሚመጣ እንደሆነ ለመስማት ቧንቧን ከፍቶ መተኛት በፈረቃ የሚኖር ቤተሰብ ሁሉ የሚያውቀው ልማድ ነው፤ እንቅልፍ የጸናባት ሌሊት ግን የሳምንቱ ውሀ በጓሮ ፈስሶ ያድራል። ሮቶ የተባለው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ከገባ ወዲህ ደግሞ ጠብታው መልኩን ለውጧል። ቀድሞ መስመሩ ሲደርቅ ጠብታውም ይቆም ነበር፤ አሁን ግን በደረቁ ቀናትም ከተጠራቀመው ላይ መፍሰሱን ይቀጥላል። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ያህል ነው ቢባል፣ በየሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ሩቢኔቶ በቀን ከ4 ሊትር በላይ ያፈሳል። በ10 ቀን 43 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ሁለት ጀሪካን ሞልቶ የሚተርፍ ውሀ ይሆናል። ያንን ጀሪካን በአብዛኛው የምትሸከመው እናት ወይም ልጅ ናት።

ይህ ውሀ በባለሙያዎች መዝገብ ላይ አይታይም። የውሀ አገልግሎት ድርጅቶች ብክነት ብለው የሚመዘግቡት ተመርቶ ሒሳቡ ያልተከፈለበትን ነው። ከቆጣሪው ወዲህ የፈሰሰው ግን ሒሳቡ ተከፍሎበታልና በመዝገቡ ላይ በጥቅም እንደዋለ ይቆጠራል። ከጉድጓድ በኤሌክትሪክ ተስቦ፣ በክሎሪን ታክሞ፣ ኮረብታ ወጥቶ የመጣ ውሀ በመጨረሻዋ ሜትር ላይ ሲጠፋ የሚያየው ባለቤቱ ብቻ ነው። በመሆኑም የሚያቆመውም እርሱ ነው።

ሥራው ራሱ አስቸጋሪ አይደለም። መጀመሪያ ዋናው መዝጊያ ይዘጋል፤ ሮቶ ካለም የሮቶው መውጫ። የሩቢኔቶው ራስ በመፍቻ ይፈታል፤ ነሐሱ እንዳይቧጠጥ ጨርቅ በመሐል ይደረጋል። ያለቀው ላስቲክ ወጥቶ አዲስ ይገባል። ብዙዎች የሚዘነጉት ከዚህ በፊት የሚመጣውን ነው፤ መቀመጫው ላይ የተጋገረው ኖራ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ ርሶ ካልጸዳ አዲሱም ላስቲክ ዕድሜ አይኖረውም። ውሀው ከአፉ ሳይሆን ከእጀታው ሥር የሚወጣ ከሆነ ጥፋቱ የላስቲኩ አይደለምና በዘንጉ ዙሪያ ያለው ጥምጥም በቃጫ ወይም በቴፍሎን ይታደሳል። ድምፅ የማያሰማውን ለማግኘት ደግሞ ማታ ሁሉንም ዘግቶ የቆጣሪውን ቁጥር መያዝ፣ ውሀ በሌለበት ሌሊት ግን የማጠራቀሚያውን ከፍታ በከሰል ምልክት አድርጎ ጠዋት ማየት ይበቃል። ከመሬት በታች ያለ የዛገ መስመር ሲሆን ግን የባለሙያ ሥራ ነው፤ በላስቲክ እየጠመጠሙ ማቆየት ቀዳዳውን ከዐይን መሰወር እንጂ መድፈን አይደለም።

ይህ ትንሽ ዕውቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታየው ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ ነው። መብራት ሲቋረጥ የጉድጓድ ፓምፖች ይቆሙ ነበር፤ ነዳጅ ጠፋ፤ ባንክ ተዘጋ፤ የንግድ ዕቃ መግቢያ መንገዱም ታጠረ። ምንጩን ለመጠበቅ ቤተሰቡ የሚችለው ነገር አልነበረም። በእጁ የቀረው የያዘውን ውሀ አለማፍሰስ ብቻ ነበር። የክራይምስ ሩቢኔቶ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚመች ነው፤ የሚያስፈልገው ላስቲክ ከመኪና ከመነዳሪ በመቀስ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላልና።

አሁን በሱቆች የሚታየው ባለ አንድ እጀታ ሩቢኔቶ ግን ከዚህ ይለያል። በውስጡ ላስቲክ ሳይሆን እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ሁለት የሴራሚክ ገበቴዎች አሉ። ንጹሕና የማይቋረጥ ውሀ ባለበት ለረጅም ዓመታት ያገለግላል። ባዶ የነበረ መስመር ሲሞላ ይዞት የሚመጣው አሸዋና ዝገት ግን ገበቴዎቹን ይፍቃቸዋል፤ ኖራውም ይይዛቸዋል፤ ሲበላሽም ልኩ የሆነ የውስጥ ዕቃ ካልተገኘ መክፈቻው በሙሉ ይጣላል። ከከመነዳሪ ተቆርጦ የሚገባበት ነገር የለም።