አምባሰል፣ ባቲ እና «ስኬል» የሚባለው እንግዳ ቃል

ከሐይቅ ከተማ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ቢስቲማ ያደርሳል። ቢስቲማ የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው በሰሜን ምዕራብ ከአምባሰል፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ባቲን ከያዘው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጋር ይዋሰናል። ለቢስቲማ ሰው እንግዲህ አምባሰልም ባቲም የጎረቤት ስም ነው፤ አንዱ ወደ ደጋው የሚያዩት ተራራ፣ ሌላው ወደ ቆላው የሚወርዱበት ገበያ። እነዚሁ ሁለት ስሞች አዲስ አበባ ሲደርሱ ግን አገርነታቸው ይቀርና የሙዚቃ ትምህርት ቃል ይሆናሉ። ባቲን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ «ባቲ ሜጀር»፣ «ባቲ ማይነር» እያለ ጣቱን በፒያኖ ላይ ያለማምዳል። የአገር ስም እንዴት የድምፅ ስም ሊሆን ቻለ? በመካከሉ ዘፈን አለ። ዘፈኑን እያስረሳን ያለው ደግሞ «ስኬል» የሚለው ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ስኬል በእኛም አገር ብዙ ቤት ገብቷል። የመንግሥት ሠራተኛ የደመወዝ ስኬሉ ተሻሻለ አልተሻሻለም ብሎ ይጠይቃል፤ የካርታ ባለሙያ ስኬሉ አንድ ለሃምሳ ሺህ ነው ይላል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ራዲዮኑ በሬክተር ስኬል ይህን ያህል ተመዘገበ ብሎ ያወራል። እንግሊዞቹ ዘንድማ የገበያ ሚዛንም የዓሣ ቅርፊትም በዚሁ ቃል ይጠራል። ነገሩ ሲመረመር አንድ ቃል ሳይሆን መልካቸው የገጠመ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሚዛኑና ቅርፊቱ ከጀርመናዊ ቋንቋዎች ሥር የወጡ ሲሆኑ የካርታው፣ የደመወዙና የሙዚቃው ደግሞ መሰላል ከሚል የላቲን ቃል የመጡ ናቸው። ይህ መሰላልነት ለክርክሬ ዋና ነው። መሰላል ደረጃ በደረጃ የሚወጡበት ነገር ነው፤ የት እንደቆመና ማን እንደወጣበት ምንም አይናገርም። አምባሰልና ባቲን የመሰለ የዜማ ቅኝት ግን እንዲህ አይደለም።

አምባሰል በመጀመሪያ አምባ ነው። በዚሁ ወረዳ ያለው የግሼን አምባ የነገሥታት ልጆች ከዙፋን ሽሚያ ርቀው እንዲኖሩ ለዘመናት የታሰሩበት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ የገባበት ሲሆን፣ ዛሬም መስከረም 21 ቀን ምእመናን ይጎርፉበታል። የአምባሰል ገዥ ማዕረጉ ራስ ወይም ደጃዝማች ብቻ ሳይሆን ለብቻው «ጃንጥራር» ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከነዚህ አንዱ ናቸው። የወረዳው መቀመጫ ውጫሌም በዓለም ታሪክ የተመዘገበች ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ያለውን ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት አድዋ ድረስ አደረሰን። (ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከአምባሰል ሰው የበለጠ ማን ይመስክር!) ባቲ ደግሞ ሌላ ዓለም ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌና አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ ደጋው አልቆ የአፋር ቆላ ሊጀምር ሲል ትገኛለች፤ የሰኞ ገበያዋ አፋሩን ከነግመሉ፣ ኦሮሞውን፣ አማራውን በአንድ ሜዳ ያገናኛል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ የባቲ ስም ከመጠለያ ጣቢያው ጋር ዓለምን ዞሯል። አንድ ስም ይህን ሁሉ ተሸክሞ ሳለ ከዚያ ሁሉ ላይ የቅኝቱን አምስት ድምፅ ብቻ ነጥሎ ማስቀረት ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ማስረጃው እንግባ። አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ መሆናቸውን የማይናገር የሙዚቃ መጽሐፍ የለም። ስሞቹን ልብ ብሎ ላያቸው ግን አራቱም የዘፈን ስሞች ናቸው። ትዝታ ትዝታን የሚያዜም ዘፈን ነው፤ አንቺሆዬ በሰርግ ቤት የሚታወቅ ነው፤ አምባሰልና ባቲ አገሩንና የአገሩን ቆንጆ የሚያወድሱ ዘፈኖች ናቸው። አንድ ሊቅ ቁጭ ብሎ ድምፆችን ከፋፍሎ ስም ቢያወጣ ኖሮ ስሞቹ እንዲህ አይሆኑም ነበር። ለማነጻጸር የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ እንይ፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በትምህርት ቤት የተወለዱ፣ ምልክት ያላቸው፣ መምህርና ደቀ መዝሙር ያላቸው ስሞች ናቸው። አምባሰልና ባቲ በዚያ ሥርዓት ውስጥ የሉም። አዝማሪው «አምባሰል ምታልኝ» ሲባል የሚሰማው አንድን ዘፈን ከነአካሄዱ፣ ከነእንጉርጉሮው፣ ከነስንኝ አጣጣሉ ነው። ክራሩን ለዚያ ዘፈን ሲቃኝ ሌሎችም ዘፈኖች በዚያው ክር ስለሚወጡ «ይህ በአምባሰል ነው» ተባለ። ዘፈኑ እናት፣ ቅኝቱ ልጅ ነው ማለት ነው።

መሰላሉ የመጣው በኋላ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በመምህራቸው በኬቮርክ ናልባንዲያን እየተመሩ የነሐስ መሣሪያ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ ድምፁ በፋብሪካ የተወሰነ መሣሪያና ኖታ አብረው ተስፋፉ። በ1950ዎቹ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲመሠረት ደግሞ የመጀመሪያው ዳይሬክተሩ አሸናፊ ከበደ የአገሩን ሙዚቃ በዘመናዊ ጥናት ቋንቋ መጻፍ ነበረባቸው። ከእሳቸው በኋላም የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ሲንቲያ ኪምበርሊን በማሲንቆ ላይ፣ ዕዝራ አባተ በቅኝቶቹ አወቃቀር ላይ ሰፊ ጥናት ጽፈዋል። ማንም ቢሆን ቅኝትን ለውጭ አንባቢ ለማስረዳት ሲሞክር እጁ ላይ ያለው ቃል ስኬል ነው። እነሱን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን የሚያስረዱበት ቃል ቀስ በቀስ የሚያስረዱትን ነገር ተካው፤ የቅኝት ትርጉም ስኬል ነው ከተባለ በኋላ አምባሰል ማለት «ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት» ብቻ ሆኖ አረፈ።

ይህ ትርጉም እንደማይበቃ ከራሱ ከድምፁ ማሳየት ይቻላል። እነዚያኑ አምስት የአምባሰል ድምፆች ሳንቀንስ ሳንጨምር ከፋ እንጀምራቸው፦ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ ፍላት። ይህ በትምህርት ቤቱ አጠራር ትዝታ ማይነር ነው! ባቲ ማይነርና ትዝታ ሜጀርም እንዲሁ አንድ ዓይነት ድምፆችን በተለያየ መነሻ ይጋራሉ። ሆኖም ደሴ ላይ አምባሰልን ከትዝታ የሚያምታታ አድማጭ አታገኙም። ልዩነቱ ያለው ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ የትኛውን ድምፅ እያባበለ እንደሚዘገይ፣ በየት በኩል ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ነው። ማሲንቆውን ደግሞ አስቡት፤ አንድ ጭራ ብቻ አለው፣ እንደ ክራር የተለያየ ክር አይቃኝም፤ አራቱን ቅኝት ግን በጣት ብቻ ያወጣል። ወደ ሩቅ ምሥራቅ ብንሄድ ጃፓኖች ባለ 13 ክር የሆነውን ኮቶ «ሂራጆሺ» በሚሉት ስልት ሲቃኙት የሚወጡት የድምፅ ርቀቶች ከትዝታ ማይነር ጋር አንድ ናቸው። ስኬል ብቻ ቢሆን ኖሮ ኪዮቶም ደሴም አንድ አገር በሆኑ ነበር።

ተቃውሞ አይጠፋም። የመጀመሪያው ጠንካራ ነው፦ ስኬል ባይኖር ኖሮ ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር አስማምቶ ዓለም ያሰማቸዋል ወይ? ሳክስፎን ተጫዋቹ፣ ፒያኒስቱ፣ ከበሮ መቺው በምን ይግባባሉ? እውነት ነው፤ ብዙ መሣሪያ በአንድ ላይ ለመምራት መሰላሉ የግድ ነው፤ የ1960ዎቹ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ያለ እሱ አይታሰብም። እኔ የምለው ስኬል ይጣል ሳይሆን ስኬል ለአንድ ሥራ የተበጀ መሣሪያ እንጂ የቅኝት ሙሉ ፍቺ አይደለም ነው። የደመወዝ ስኬል የሠራተኛውን እርከን ይነግረን እንጂ ሥራውን አይነግረንም። ሁለተኛው ተቃውሞ፣ የአገር ስም ለድምፅ መስጠት የትም አለ፣ ምን ያስደንቃል የሚል ነው። በእርግጥ የግሪኮቹ ዶሪያንና ፍሪጂያን የሕዝብ ስሞች ናቸው፤ የዐረቦቹ ሒጃዝና ነሃዋንድም የአገር ስሞች ናቸው። ምሳሌው ግን የኔኑ ክርክር ያጠናክራል፤ የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን የግሪኮቹን ስሞች ሲወርሱ ከጥንቶቹ ጋር ላልተመሳሰሉ ድምፆች ሰጥተዋቸዋል። ስም ከዘፈኑ ሲለይ ወደ ፈለጉት ይጎተታል።

አምባሰልና ባቲ ባሉበት በወሎ በኩል ደግሞ ሌላ ማጋነን አለ፦ አራቱም ቅኝቶች የወሎ ናቸው ይባላል። ለሁለቱ ስማቸው ይመሰክራል። ለትዝታና ለአንቺሆዬ ግን ስማቸው የየትም አይደለም፤ አምስቱ ድምፆችም የማንም ርስት አይደሉም። ወሎ በትክክል ልትኮራበት የሚገባው ዘፈኑና የዘፈኑ አያያዝ ነው፤ ድምፃዊት ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትይዘው የሚሰማው ነገር በየትኛውም የድምፅ ሰንጠረዥ አይገኝም። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ያለው ወሎ ዩኒቨርሲቲ በዚህ ላይ ሊሠራ የሚችለው ብዙ ነው። በአምባሰል፣ በባቲና በመካከላቸው ባለው ወረባቦ ካሉ የማሲንቆና የክራር ተጫዋቾች ዘፈኑን ከነስሙ፣ ከነመነሻውና ከነማረፊያው፣ ክሩ እንዴት እንደሚቃኝ ጭምር መቅዳትና መመዝገብ ይቻላል። ያን ጊዜ የድምፅ ሰንጠረዡ ከዘፈኑ ሥር ይጻፋል፤ ባቲ ሜጀር የሚለውም ከየትኛው የባቲ ዘፈን እንደወጣ ተማሪው ያውቃል።