ጥራዝና ጥራዝ ነጠቅ

ከመካከላችን ይህን ስድብ ያልቀመሰ ካለ እጁን ያውጣ። ለክረምት አገር ቤት ገብተን ከሽማግሌ ጋር ክርክር ብጤ ስንገጥም፣ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳንጨርስ «ወግድ፣ ጥራዝ ነጠቅ ሁላ!» እንባላለን። ትርጉሙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገሩን ከሥሩ ሳይማር ከዚህም ከዚያም ለቃቅሞ ዐዋቂ ነኝ የሚል ማለት ነው። ግን ለመሆኑ ጥራዙ ራሱ ምንድን ነው? ነጣቂውስ የነጠቀው ከምን ላይ ነው? እኔ በበኩሌ ይህን የተረዳሁት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከወስፌና ከመርፌ ነው።

በትርፍ ጊዜዬ መጽሐፍ መጠረዝ ከጀመርኩ ሁለት ክረምት ሆነኝ። ያስጀመሩኝ ደብራችን አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ደጓሽ ናቸው። እኔ የኔታ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ስሜን ትተው «አንተ ተማሪ» ይሉኛል። የመጀመሪያ ቀን ይዤላቸው የሄድኩት በስቴፕለር የተመታ፣ ግማሹ የተገነጠለ የትምህርት ወረቀት ነበር። አገላብጠው አዩትና «ይኼ እኮ መጽሐፍ አይደለም፤ ክምር ነው። አንዱ ቅጠል ከሌላው ጋር ምን ዝምድና አለው?» አሉኝ።

ዝምድናው ያለው እጥፋቱ ላይ ነው። በብራና መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አራት ድርብ ብራና ተደራርቦ ከመካከሉ ሲታጠፍ ስምንት ቅጠል፣ ማለትም ዐሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል። አንድ ጥራዝ ይኸው ነው። ጥራዝ በጥራዝ ላይ እየተሰፋ ሲሄድ መጽሐፍ ይሆናል። እንግዲህ ጥራዝ ነጠቅ፣ እኔ እንደገባኝ፣ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ዐሥራ ስድስት ገጽ ይዞ የሮጠ ሰው ነው! ስድቡ ምን ያህል የተለካ እንደሆነ ያን ቀን ገረመኝ።

ስፌቱን ለመማር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። አንድ ክር በሁለት ጫፉ ሁለት መርፌ ይታሰርበታል። ትንሽ መጽሐፍ አንድ ጥንድ ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ተለቅ ያለው ሁለት ጥንድ ይፈልጋል። ክሩ መጀመሪያ በእንጨት ሳንቃው ጠርዝ በተበሱት ቀዳዳዎች ያልፋል፤ ቀጥሎ ወደ ጥራዙ እጥፋት ገብቶ ይወጣና የበታቹን ስፌት አንቆ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ከጀርባ ሲያዩት ሹሩባ ይመስላል። የጥንቶቹ ጅማት ወይም የተገመደ አንጀት ይጠቀሙ ነበር፤ እኔ በሰም የታሸ ሲባጎ ነው የያዝኩት። ጀርባው ላይ ሙጫ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህም መጽሐፉ ሲገለጥ ያለ ትግል ይዘረጋል፣ እጅ ሳይጫነው ተገልጦ ይቀመጣል። እኔ ግን ጠበቅ ያለ ሁሉ ጠንካራ ይመስለኝ ነበርና ክሩን በጉልበት ስስበው የመጀመሪያው መጽሐፌ ወረቀት ከእጥፋቱ ላይ እንደ እንጀራ ተቀደደ። የኔታ ሳቁብኝ። «አሰርከው እንጂ አልጠረዝከውም» አሉ።

ይህ ዓይነቱ የሰንሰለት ስፌት ከግብፅ ቅብጦች ጥንታዊ አጠራረዝ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። አውሮፓውያን ከስምንተኛው መቶ ዓመት ገደማ ጀምረው ክሩን በጀርባ በተጋደመ ገመድ ላይ ወደ ማሰር ዞሩ፤ የኛ አገር ደጓሾች ግን በጥንቱ መንገድ እስከ ዛሬ ዘለቁ። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በራዲዮ ካርቦን ተመርምሮ እ.ኤ.አ. ከ390 እስከ 660 ባለው ዘመን ውስጥ የሚወድቅ ሆኖ ተገኝቷል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲጠገኑም የውጭ አገሩ ጠራዥ መሣሪያውን ተሸክሞ ገዳሙ ድረስ ሄደ እንጂ መጻሕፍቱ ወደ እሱ አልሄዱም። ደግ አደረጉ!

በነገራችን ላይ፣ ስለዚህ ስፌት አሠራር ክር በክር ተንትኖ የጻፈው ያኖሽ ሲርማይ የተባለ ሰው በትምህርቱ ሐኪም ነበር። ስለ መካከለኛው ዘመን አጠራረዝ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለኢትዮጵያ ጥራዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ቅዳሜና እሑድ ተሰብስበው ይህንኑ ስፌት ለጨዋታ የሚማሩ አሉ። እኛስ?

የኛን ነገር ከእናቴ ጀመርኩ ማለት እችላለሁ። ሳንቃውን ለማልበስ የለፋ የፍየል ቆዳ ይዤ ቤት ስገባ እናቴ ደነገጠች። «ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ፋቂ እንድትሆን ነው?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። ቆዳን የሚያክል ነገር እየተጫማንና እየተኛንበት፣ መጽሐፍ ቅዱሱንም በሱ እያለበስን፣ ያለፋውን ሰው ግን ስናዋርድ የኖርን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሳደብ እንዲተው ያወጁት ወደው አይደለም፤ ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጽሕፈት ዐዋቂው ሳይቀር ስድብ ነበረው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ቃሉ ግን ይኸው እናቴ አፍ ላይ አለ። በብራናዎቻችን መጨረሻ ላይም ያጻፈው ባለጸጋና የጻፈው ጸሐፊ ስማቸው ሲነሣ እናያለን፤ የደጓሹ ስም ግን እምብዛም አይገኝም። በጋለ ብረት መስቀልና ሐረጉን ቆዳው ላይ አትሞ፣ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የሐር ቁራጭ ለጥፎ፣ ዝም ብሎ ሄደ።

ፊዚክስ የምትማሩ ማይክል ፋራዳይን ታውቁታላችሁ። የአንጥረኛ ልጅ ነበር፤ በ1805 እ.ኤ.አ. በዐሥራ አራት ዓመቱ ለንደን ውስጥ ለአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ተቀጥሮ ሙያ መማር ጀመረ። ለጥረዛ የመጣውን ሁሉ ያነብ ነበር፤ ከኤሌክትሪክ ጋርም የተዋወቀው ሊጠርዘው ከመጣ ኢንሳይክሎፔዲያ ላይ ነው። በ1812 እ.ኤ.አ. አንድ ደንበኛ መግቢያ ሰጥቶት የሀምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰማ፤ የሰማውን ጽፎ፣ ሥዕል ጨምሮ፣ በእጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በ1813 እ.ኤ.አ. ዴቪ ረዳቱ አድርጎ አስቀጠረው። በኛ ሽማግሌዎች ሚዛን ይህ ልጅ ቁጥር አንድ ጥራዝ ነጠቅ አይደለም? ልዩነቱ የነጠቀውን ጥራዝ መልሶ መስፋቱ ነው።

እኔ ፋራዳይ አይደለሁም፤ የሱን ያህል ግን ሞከርኩ። በዚህች መጽሔት ከወጡት ጽሑፎች የወደድኳቸውን በታጠፈ ወረቀት ላይ በእጄ ገልብጬ አምስት ጥራዝ አደረግኩና በዋንዛ ሳንቃ ጠረዝኳቸው። ባለፈው ክረምት ለየኔታ አሳየኋቸው። ጽሑፉን አላዩትም። መካከሉ ላይ ገልጠው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ተገልጦ ቀረ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ጣታቸውን በጀርባው ሹሩባ ላይ አውርደው ሦስተኛው ጥራዝ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይቺ ላልታለች፤ ፍታት» አሉኝ።

ሦስተኛውን ለመፍታት አምስተኛውንና አራተኛውን ማስቀደም ግድ ነው። አሁን አራተኛው ላይ ነኝ።