የሁለት አገሮች እንጨትና የመዝገቡ ምስክርነት

ሁለት አገሮች በእንጨት ንግድ ሲነጻጸሩ፣ ማነጻጸሪያው በመዝገብ የሰፈረው ሜትር ኪዩብ ነው። ቁጥሩ መልካም ምስክር ነው፤ ነገር ግን የዛፉን ዕድሜ አይናገርም። ይህንንም ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ ታሪክ መረዳት ይቻላል።

ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት ራስ ጉግሣ ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ ራስ ዓሊ፣ ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ ተቀምጠውባታል። የመኳንንትና የነገሥታት ከተማ ደግሞ ያለ ምሰሶና ያለ ማገዶ አይቆምም። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት መድፍ ባስፈሰሱ ጊዜ ምድጃው የነደደው በዚያው አገር እንጨት ነው። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍም በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጓዘው በሠረገላ ተጭኖ ነው። ይህ ሁሉ እንጨት ድንበር አልተሻገረምና በንግድ መዝገብ አልገባም።

በ1880ዎቹ ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ መሠረቱ አውስትራሊያ የሆነው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን ገባ። ቆይቶም የደጋው ገበሬ ጥሪት ሆነ። ቀድሞ ቡና፣ ሰምና ዝባድ በሲራራ በተጓዘበት በመተማ መንገድ፣ በእኛ ዘመን ከአማራ ክልል የተቆረጠ የባሕር ዛፍ አጣና በመኪና ተጭኖ ወደ ሱዳን ይሻገር ጀመር። ሱዳን ሰሜኗ ምድረ በዳ ነው፤ ደቡብ ሱዳንም ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ከቀድሞው ደኗ አብዛኛው፣ በእንግሊዞች ዘመን የተተከለው የቲክ ዛፍ ጭምር፣ ከእጇ ወጥቷል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በዚያች አገር የተነሣው ጦርነት ግን ይህን ንግድ አናውጦታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዓለም ገበያ ደንብ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ሁሉ በጠንካራ እንጨት ክፍል ይመዘገባል። ስለዚህ በጥቂት ዓመታት ለመቆረጥ የሚደርሰው ባሕር ዛፍ ከወይራና ከኮሶ ጋር «ጠንካራ» ሲባል፣ ትውልድ የሚፈጅባቸው ዝግባና ጽድ በ«ለስላሳ» ክፍል ይገባሉ። ወይራው ሲያልቅ ባሕር ዛፉ ቢበዛ፣ መዝገቡ ልማትን እንጂ ጥፋትን አያሳይም።

ከዚህም ሌላ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚያወጣው ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ለማገዶ የሚውለው እንጨት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ሲሆን፣ ለኢንዱስትሪ የሚውለው ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ነው። እንግዲህ ኬላውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ጓዳውን ሳይቆጥር ቀረ ማለት ነው።

ጥንታዊው ደን ታዲያ ወዴት ተረፈ ቢባል፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። በደቡብ ጎንደር ወደ 1,400 የሚሆኑ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከእነዚህም በ28ቱ ቅጥር ብቻ 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት ተቆጥረዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94ም ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን ያለ ፈቃድ እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር።

ባሕር ዛፍ ሸጦ ልጁን የሚያስተምረውን ገበሬ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን መዝገብ የምትይዙና ፈቃድ የምትፈርሙ አንባብያን ሆይ፤ ከሜትር ኪዩቡ አጠገብ የዛፉን ስምና ዕድሜ ጻፉ። ያልተጻፈውን ኪሳራ የሚከፍለው ተከታዩ ትውልድ ነውና።