ሦስት ቀዳዳ ያለው በር

ባለፈው ሐምሌ አንድ የድሮ ዲኤክስ ኮሮላ ነቀምት፣ በኬ ጃማ ካለው ሱቄ በራፍ ላይ ቆመ። ባለቤቱ ከጊምቢ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ መኪናዋ የአባቱ ነበረች። «ጋሼ፣ የግራው ስፒከር ያንኮራፋል፤ አውጥተው አዲስ ያስገቡልኝ» አለኝ። የበሩን ልባስ በካቻቢቴ ፈትቼ ሳነሣው ላሜራው ላይ ሦስት ቀዳዳ አገኘሁ። አንዱ ከፋብሪካ የመጣው ባለ አራት ኢንች ክብ ነው። ከጎኑ ያለው ሁለተኛው ስድስት ኢንች ተኩል ይሆናል፤ ጠርዙ በሞረድ ተልጓል፣ ዝገት እንዳይበላው ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ከላዩ የዋንዛ ቀለበት ተደርቦበታል። ሦስተኛው ከመስኮቱ ሥር በችኮላ የተበሳ ጠማማ የትዊተር ቀዳዳ ነው። ሁለተኛውን የቆረጡት መምህሬ ናቸው። ሦስተኛውን የበሳሁት እኔ ነኝ፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር።

መኪና ላይ ስፒከር ስለመግጠም ሙያ ተጽፎ ያየሁት ነገር የለም። ያለን መዝገብ እንዲህ በመኪና በር ውስጥ ተሸፍኖ የተቀመጠው ነው፤ መኪናው ሲቆራረጥ አብሮ ይቆራረጣል። የማውቀውን የምጽፈው ለዚህ ነው።

መምህሬን ሁላችንም ኦቦ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ሥራ የጀመሩት በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ የፊያት አውቶቡሶችና ኤንትሬ የምንላቸው የጭነት መኪኖች የወለጋን መንገድ በያዙበት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ የተነሣ መኪና ሆለታን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን፣ ባኮን፣ ሲሬን አልፎ ነቀምት ሲገባ ቀኑ አልቋል። ክረምት ከሆነ ጭቃ ውስጥ ማደርም አለ። ያን ሁሉ ሰዓት መንገደኛው የሚሰማው የሞተር ጩኸት ነው፤ ራዲዮ ያለው አውቶቡስ ከተገኘ ሰው መርጦ ይሳፈርበት ነበር ይሉናል።

የመኪና ራዲዮ በዓለም ላይ ያኔም አዲስ አልነበረም። አሜሪካዊው ፖል ጋልቪን ሞቶሮላ ያለውን የመኪና ራዲዮ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። እኛ ጋ ግን ራዲዮው ቢኖርም የሚይዘው ጣቢያ ያስፈልግ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀመረ፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሰደደችበት በወለጋ ጣቢያው እንደ ቤተ ዘመድ ነበር። ድምፁ የሚመጣው በአጭር ሞገድ ነው፤ ዳገት ላይ ይጠራል፣ ሸለቆ ውስጥ ይጠፋል። ኦቦ አንድ ስፒከር ብቻ ነበር የሚያስገቡት፤ ከሹፌሩ ራስ በላይ፣ ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙረው። ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደው ይቀመጡና ዜና አንባቢውን ያዳምጣሉ። ቃሉ ተለይቶ ካልተሰማቸው ስፒከሩን ያወርዱታል። «የሰው ድምፅ የሰው ካልመሰለ ዘፈኑም እውነት አይሆንም» ይሉ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ አደረገው። የሚነገረው ነገር ተለወጠ፤ ኦቦ ግን ስፒከር መፈተሻቸው ያው የዜና አንባቢ ድምፅ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ዘመን ከሰማሁት ሁሉ በደንብ ሊጻፍ የሚገባው የቮልት ነገር ነው። ትልልቆቹ ፊያቶች የሚሠሩት በ24 ቮልት፣ ባለ 12 ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ ነው። ራዲዮውና ኋላም ቴፑ የሚፈልገው ግን 12 ብቻ ነው። ቀላሉ ዘዴ ሽቦውን ከሁለቱ ባትሪዎች መካከል መሳብ ነበር፤ ብዙው ሠራተኛም ያንኑ ያደርጋል። ቴፑ ይዘፍናል፣ ሹፌሩ ከፍሎ ይሄዳል። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። ዲናሞው ሁለቱን ባትሪዎች በአንድ ላይ ይሞላል፤ ቴፑ የሚጠባው ከአንዱ ብቻ ነው። የሚጠባው ባትሪ እየጎደለ ይሄዳል፣ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ ውኃው ይደርቃል። ከጥቂት ወር በኋላ አውቶቡሱ ባኮ ለምሳ ይቆማል፤ ተሳፋሪው እስኪበላ ቴፑ ይዘፍናል፤ እንሂድ ሲባል ሞተሩ አልነሣ ይላል። ከዚያ ወንዱ ሁሉ ወርዶ ይገፋል።

ኦቦ ይህን ሲያዩ መጀመሪያ ያመጡት መላ በየወሩ የሁለቱን ባትሪ ቦታ ማለዋወጥ ነበር፤ ሲጠባ የከረመው እንዲያርፍ፣ ያረፈው እንዲጠባ። ያን ለማስታወስ በባትሪዎቹ ላይ በቀለም አንድና ሁለት እያሉ ይጽፉ ነበር። ቆይተው ቮልት የሚቀንስ መሣሪያ፣ ኮንቨርተር የምንለውን፣ ከአዲስ አበባ እያስመጡ ያስገቡ ጀመር። አይሱዙም እንደ ፊያቱ 24 ቮልት ስለሆነ ጉዳዩ አላለቀም። ዛሬም ኮንቨርተር ላለመግዛት ብሎ ከመካከል የሚስብ ልጅ ሳይ እቆጣለሁ፤ የሚገፋው እሱ አይደለምና።

ዘፈን መኪና ውስጥ የገባው ከካሴት ጋር ነው። አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የአዲስ አበባ ሰው ሙዚቃውን በየቡና ቤቱ ይሰማ ነበር፤ በሚንቀጠቀጥ አውቶቡስ ውስጥ ግን ሸክላ አይዞርም። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣት ትንሿ ካሴት አገራችን ገብታ፣ አሊ ታንጎ የሚባሉትን አሊ አብደላ ካይፋን የመሰሉ የመርካቶ ሰዎች ሸክላውን ወደ ካሴት ሲያዞሩት ነገሩ ተለወጠ። አዲስ ካሴት ወለጋ የሚደርሰው በአውቶቡስ ረዳት ኪስ ነበር። ሱቅ ሳይደርስ መናኸሪያው ይሰማው ነበር። እኔ በልጅነቴ አዲስ ዘፈን ለመስማት ከትምህርት ቤት መልስ መናኸሪያ ቆሜ የአዲስ አበባውን መኪና እጠብቅ ነበር፤ አቧራ ለብሶ ሲገባ መስኮቱ ክፍት ስለሚሆን ዘፈኑ ቀድሞ ይወርዳል።

አቧራው የኛ መምህር ነው። ከስፒከሩ ማግኔትና ከጥቅል ሽቦው መካከል ያለው ክፍተት ከወረቀት ብዙም አይወፍርም፤ የጠጠር መንገድ አቧራ እዚያ ሲገባ ስፒከሩ ማንኮራፋት ይጀምራል። ኦቦ ከኋላው ስስ ጨርቅ ሰፍተው ያለብሱት ነበር። የቴፑን ጭንቅላት በጥጥና በአልኮል እንጠርግ ነበር፤ አልኮል ሲጠፋ በጠንካራ አረቄ። ከነቀምት ወደ ጊምቢ ስትወርድ ዴዴሳ ላይ ሌላ አየር ነው፤ ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ ካሴት በሙቀቱ ይጣመም ነበር። ተመልሶ 2,000 ሜትር ላይ ስትወጣ ደግሞ ዝናቡ ይጠብቅሃል። በዚህ አገር ክረምት የወረቀት ስፒከር ርሶ ደርቆ፣ ርሶ ደርቆ እንደ አሮጌ ከበሮ ይላላል። ስለዚህ በሩ ውስጥ ከስፒከሩ በላይ ከተቆረጠ ካላማዳሪ የተሠራ ትንሽ ጣራ እናደርግለት ነበር፤ በመስኮቱ ስንጥቅ የሚወርደው ውኃ በጎማው ላይ ተንሸራቶ እንዲያልፍ።

የዋንዛው ቀለበትም ከዚሁ እርጥበት የመጣ መላ ነው። የበር ላሜራ ስስ ነው፤ ስፒከሩን በቀጥታ ካሰርክበት ቤዙ ሲመታ ላሜራውም አብሮ ይዘፍናል፤ የሚሰማህም የበሩ ድምፅ ነው። ቺፑድ ብትደርብበት አንድ ክረምት ከርሞ ያብጥና ይፈረፈራል። ኦቦ ከአናጢ ቤት የተረፈ የደረቀ ዋንዛ ይሰበስቡ ነበር። ዋንዛ ቀሎ ጠንካራ ነው፣ እርጥበት ቶሎ አያጣምመውም፣ በመሮ ደስ እያለው ይቆረጣል። ቀለበቱን ጠርበው፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አጠጥተው ሳምንት ያሳድሩታል። የላሜራውን ውስጥ ሬንጅ አሙቀው በብሩሽ ይለቀልቁታል፤ በጣት ሲመቱት የቆርቆሮ ድምፁ ጠፍቶ እንደ ግድግዳ ዝም ይላል። በቀለበቱና በላሜራው መካከል እንደገና ካላማዳሪ። አንድ የአየር ቀዳዳ እንዳይቀር በሻማ ጭስ ይፈትሹታል።

የዚህ ሁሉ መድፈን ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስፒከር ፊቱ አየር ሲገፋ ጀርባው ይስባል። የፊቱና የጀርባው ከተገናኙ ይጠፋፋሉ፤ ይበልጥ የሚጠፋው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ቀዳዳውን መድፈን ቤዝ መግዛት ማለት ነው፣ ያለ ገንዘብ። ሽቦ ማገናኘቱም እንደዚያው ነው፤ የግራውን ፖዘቲቭ ከቀኙ ነጌቲቭ አደባልቀህ ካሰርክ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይጣላሉ፣ ዘፈኑ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ኦቦ ምንም መለኪያ ሳይዙ በአንዲት የባትሪ ድንጋይ ይለዩታል፤ ሁለቱን ሽቦ በድንጋዩ ጫፎች ላይ ነካ ሲያደርጉ የስፒከሩ ክብ ወረቀት ወደ ውጭ ከወጣ ትክክል ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዕቃው በዛ። ከሶማሌ ተራ የተፈታ የመኪና ቴፕ፣ ከዱባይ ተራ አዲስ አምፕሊፋየርና ቤዝ በአይሱዙ ይመጣል። የኦሮምኛ ካሴትም በየሱቁ ሞላ፤ ድሮ ድምፁ ዝቅ ተደርጎ የሚሰማው ዘፈን በሃይሉክስ መስኮት አደባባይ ወጣ። ይህን ያየ ሰው ድምፁ ለምን እንዲጮህ እንደተፈለገ ይገባዋል። እኔም ወጣት ነበርኩና ካርቶን ላይ 1000 ዋት የሚለውን ቁጥር አመንኩ። ሞተር ሲሠራ ያለው 14 ቮልት ገደማ ነው፤ ያለ አምፕሊፋየር ቴፑ ራሱ ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ የሚያወጣው ንጹሕ ኃይል ከ20 ዋት ብዙም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ቢጻፍም ወረቀት ላይ ነው። እውነተኛ 400 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ደግሞ 30 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። ይህን ሳላውቅ የአንድ ቡና ነጋዴ ፒካፕ ላይ አምፕሊፋየር ገጠምኩ፤ ሽቦው የመብራት ሽቦ፣ ባትሪው አጠገብም ፊውዝ የለውም። ሰውየው ቤተሰቡን ጭኖ ጊምቢ መንገድ ላይ ሳለ ሽቦው ግሎ ልባሱ ቀለጠ፣ የወንበሩ ስፖንጅ መጨስ ጀመረ። ልጆቹን በመስኮት አወጡ። ማንም አልተጎዳም፤ ግን የትንሿን ልጅ ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ኦቦ አልሰደቡኝም። ሽቦውን አስፈቱኝና አዲሱን ከነፊውዙ ቆመው እያዩ አሠሩኝ፤ ገንዘቡን ከኔ ደመወዝ ሳይሆን ከራሳቸው ኪስ መለሱ።

በዚህች ኮሮላ በር ላይ ያለው ጠማማ ቀዳዳ የዚያው ዘመን ነው። ትዊተር አብዝቶ ድምፅ የሚያጠራ መስሎኝ ነበር።

ካሴት ሄደ፣ ሲዲ መጣ፣ ሲዲም ሄደ። ፍላሽ ግን ለኛ ከሌላው አገር የተለየ ነገር ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት ስልክና ኢንተርኔት በምዕራብ ኦሮሚያ ተቋርጦ ነበር። ያን ሦስት ወር ዘፈን እንደገና በመኪና መጓዝ ጀመረ፤ የሹፌር ፍላሽ እንደ ድሮው የረዳት ካሴት ሆነ። ሰው ሱቄ እየመጣ ስፒከር ሳይሆን ፍላሽ ገልብጥልኝ ይለኝ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 22 የአምቦው ልጅ፣ ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ ኢንተርኔቱ እንደገና ጠፋ። ሰው ድምፁን የሰማው ባለው ፍላሽ፣ በባጃጅና በሚኒባስ ስፒከር ነው። ብዙዎቹን የገጠምኳቸው እኔ ነኝ። ያኔ በየመንገዱ የሰማሁት ያንኑ አንድ ድምፅ ነው፤ በአንዱ ባጃጅ ቃሉ ይለያል፣ በሌላው ቤዙ ውጦታል። ቃሉ ባልተለየበት አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወጣት ቤዝ ብቻ ጨምርልኝ ሲለኝ መጀመሪያ የሚወደውን ዘፋኝ ቃል ኋላ ወንበር ተቀምጦ እንዲያዳምጥ አደርገዋለሁ። እኔም ስፒከር የምፈትሸው በዘፋኙ በአሊ ቢራ ድምፅ ነው፤ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አሊ ሲያርፍ ሱቄን ዘግቼ ኦቦ የሠሩት አንድ የስፒከር ሳጥን ላይ ሲዘፍን ስሰማው አመሸሁ።

ለጊምቢው ጎልማሳ አዲስ ስፒከር አልሸጥኩለትም። ያንኮራፋው አቧራ ነበር፤ በስሱ ነፍቼ አወጣሁት። ጠማማውን ቀዳዳዬን በላሜራ ደፍኜ ሬንጅ ቀባሁት። የኦቦን ቀለበት በሚስማር ጫፍ ወጋሁት፣ አልገባም፤ ዘይት እንጂ ብስባሽ የለበትም። አዲስ ካላማዳሪ ቆርጬ ከሥሩ አነጠፍኩና ብሎኖቹን ብቻ ቀይሬ መልሼ አሰርኩት። ጎልማሳው የባትሪ ድንጋዩን ራሱ እንዲይዘው ሰጠሁት። ሽቦውን ነካ አደረገው፣ ክቡ ወደ ውጭ ወጣ።