የቤተ ክርስቲያን ካፌና የመጻሕፍት መደብር ከሌላው በምን ይለያል?

በብዙ አጥቢያዎች በቅጽረ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሱቆች ይሠራሉ። ከእነዚህም አንዱ ካፌ፣ ሌላው የንዋያተ ቅድሳትና የመጻሕፍት መደብር ይሆናል። ለአገልጋዮች ደመወዝና ለሕንፃ ሥራ ገቢ ስለሚያስገኝ አሠራሩ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ካፌው ከአስፋልቱ ማዶ ካለው ካፌ የማይለይ፣ መጻሕፍቱም ከኬኩ መደርደሪያ ጀርባ አቧራ የለበሱ ከሆኑ፣ በበሩ ላይ የተጻፈው የቅዱሱ ስም ምን ያመለክታል? ጌታችን በቤተ መቅደስ የሚነግዱትን ማስወጣቱን (ዮሐ. 2፥13-17) የሚያስብ ምእመን ይህን ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ምእመናን መልሱን ከቅርብ ያገኙታል። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአባ ኢየሱስ ሞዐ አበምኔትነት፣ የታወቀ የመጻሕፍትና የትምህርት ቦታ ነበረ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት በዚሁ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌልም ከሀገራችን ጥንታውያን ዘመናቸው ከታወቀ የብራና መጻሕፍት አንዱ ነው። ገዳሙን ያስከበረው የመጻሕፍቱ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መጽሐፉና መምህሩ በአንድ ቦታ መገኘታቸው ጭምር ነው።

ዛሬም መደብሩን የሚለየው መደርደሪያው ሳይሆን ከመደርደሪያው ፊት የሚቆመው ሰው ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ሳለ የሚያስረዳው ያስፈልገው ነበር (ሐዋ. 8፥26-40)። ለልጇ የመጀመሪያ መጽሐፍ የምትፈልግ እናት፣ ለጋብቻ የሚዘጋጁ እጮኛሞች፣ ንስሐ ለመግባት አስቦ ከየት እንደሚጀምር የጨነቀው ወጣት ወደ መደብሩ ሲመጡ ዋጋ ብቻ የሚነግር ሻጭ አይበቃቸውም። ከአብነት ትምህርት ቤት ወይም ከሰንበት ትምህርት ቤት የወጣ፣ የሚሸጠውን ያነበበ፣ ከዐቅሙ በላይ የሆነውንም ወደ መምህራን የሚመራ አገልጋይ ያስፈልጋል። በቅዱሳን ስም የታተመ ሁሉ ለሽያጭ አይቀርብም፤ በሊቃውንት ጉባኤ የታየውን ካልታየው መለየት የዚህ አገልጋይ ድርሻ ነው። አንድ ጠረጴዛም ሳይገዙ ለሚያነቡ ቢተው መልካም ነው፤ ኪሳራው የአንድ ስኒ ቡና ያህል ነው።

ካፌውን በተመለከተ ዋናው ፈተና ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ ወተት አለመሸጥ ብቻውን ጾምን ማክበር አይደለም። ወተት ያፈላው የማሽኑ የእንፋሎት ቱቦ ሳይታጠብ ለጾም ሻይ ውኃ ያፈላል፤ «የጾም ኬክ» የተባለው ቅቤ በተቀባ መጋገሪያ ይጋገራል፤ ምእመኑም የቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ አምኖ ይበላል። ሰዓቱም አለ። በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 በተደነገገው መሠረት የሚጾም ሰው እስከ ተወሰነው ሰዓት ይታገሣል። ታዲያ በዐቢይ ጾም ጠዋት፣ ቅዳሴ ሳይገባ፣ ከቅጽሩ ሥር ቡና የሚያፈላ ካፌ ማንን ያገለግላል? ሕፃናት፣ ሕሙማንና መንገደኞች መኖራቸው አይካድም፤ ለእነርሱ ግን ትንሽ መስኮት ይበቃል። የቀረው በር ከቅዳሴ በኋላ ቢከፈት ገቢው ይቀንሳል፤ ይህም አስቀድሞ ታውቆ የሚገባበት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ ብቻ ማቅረብ ነው። በወሎ ይህ ሌላም ጥቅም አለው። በሀገሩ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ቡና አብረው ይጠጣሉ፤ ሥጋ ግን እንደየእምነታቸው ለየብቻ ይበላሉ። ሽሮ፣ ምስርና ሳምቡሳ በሚቀርብበት ገበታ ሁሉም ያለ ስጋት ይቀመጣል። (ቡናው ራሱ በቀደሙት ዘመናት በብዙ ካህናት ዘንድ የሙስሊሞች መጠጥ ተብሎ ይታይ እንደነበረ፣ ይህም አመለካከት በዳግማዊ ምኒልክና በአቡነ ማቴዎስ ዘመን እየላላ እንደመጣ ልብ ይሏል።) እንዲህ ያለው ቤት መግቢያው ላይ ሌላውን የሚነቅፉ መጻሕፍትን መደርደር የለበትም። መጽሐፍ መግዣ የሌለው የኮሌጅ ተማሪም ሆነ ከሌሊት ፈረቃ የወጣች የፋብሪካ ሠራተኛ ገብተው የሚያርፉበት ይሁን።

ኮምቦልቻ ደግሞ የመንገደኛ ከተማ ናት። መስከረም 21 ቀን በግሸን ደብረ ከርቤ ለሚከበረው በዓል ከአዲስ አበባ አቅጣጫ የሚጓዙ ምእመናን በኮምቦልቻና በደሴ በኩል ያልፋሉ። በእነዚህ ቀናት ለስላሳና ብስኩት ሁሉም ይሸጣል። የቤተ ክርስቲያን ቤት ግን የደረቀ ስንቅ፣ የመጠጥ ውኃ፣ ውዳሴ ማርያምና ስለ ግማደ መስቀሉ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ በአንድነት አዘጋጅቶ ቢጠብቅ፣ በዕድሜ የገፉትን እናቶችና አባቶችም እግራቸውን አጥቦ ቢያሳርፍ፣ ተጓዡ በሚቀጥለው ዓመት አውቶቡሱን እዚያው ደጃፍ ያስቆማል።

ሒሳቡ በቃለ ዐዋዲው መሠረት በሰበካ ጉባኤው በኩል በደረሰኝ ገቢ መሆን ይኖርበታል፤ ምን ያህል እንደ ተገኘና ለምን እንደ ዋለም በየሩብ ዓመቱ በመደብሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ሱቁን ለነጋዴ ማከራየት ከዚህ ሁሉ ድካም እንደሚያድን የሚናገሩ የጉባኤ አባላት አይጠፉም፤ ልክ ናቸው። የሚያከራዩ ከሆነ ግን የታቦቱን ስም ከበሩ ላይ ያንሡ።