ያየውን ያላስቀመጠ ዓይን
የጥበቃ ካሜራ የኃይልና የመዝገብ ታሪክ

በባንክ አዳራሽ፣ በሱቅ በርና በፋብሪካ አጥር ላይ የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ ሲታይ የብዙ ሰው ሐሳብ በቅድሚያ የሚያርፈው በሌንሱ ላይ ነው። ምን ያህል አርቆ ያያል? በጨለማስ ይሠራል ወይ? ተብሎ ይጠየቃል። ይሁን እንጂ የመሣሪያውን ታሪክ ከመነሻው ለመረመረ ሰው፣ የካሜራው ጥቅም የሚወሰነው በዓይኑ ጥራት ብቻ ሳይሆን ተመልካች በማያያቸው ሁለት ነገሮች ነው፤ ይኸውም ኃይል በሚያደርስለት ሽቦና ያየውን በሚያኖርለት መዝገብ ነው። ከሁለቱ አንዱ የጎደለ እንደሆነ ካሜራው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የኤሌክትሪክ ባለሙያም ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ማየት ብቻ የነበረበት ዘመን

ምስልን በአየር ሳያሠራጩ በሽቦ ብቻ ለተወሰነ ተመልካች የሚያደርሰው የቴሌቪዥን ሥርዓት ለሥራ ከዋለባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ፣ በሰሜን ጀርመን በባልቲክ ባሕር ዳር የሚገኘው ፔኔሙንደ ነው። በ1942 የጀርመን ጦር ቪ-2 የተባለውን ሮኬት በዚያ ሲሞክር፣ ከማስወንጨፊያው አጠገብ መቆም ለሕይወት የሚያሠጋ ስለነበረ፣ መሐንዲሱ ቫልተር ብሩክ ባዘጋጀው የካሜራ መሣሪያ አማካይነት ባለሙያዎቹ የሮኬቱን አነሣሥ ከርቀት ሆነው ይከታተሉ ነበር። ብሩክ በኋላ ዘመን ፓል የተባለውን፣ ኢትዮጵያም የተጠቀመችበትን የባለቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓት ያፈለቀ ሰው ነው። የፔኔሙንደው መሣሪያ ግን ምስሉን ያሳይ ነበር እንጂ አያስቀርም ነበር። ተመልካቹ ዓይኑን ለአፍታ ቢመልስ ያለፈው አለፈ።

ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው ወደ ፋብሪካና ወደ ንግድ ቤት ገባ። በ1950 አር.ሲ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የቪዲኮን ቱቦ ከቀደሙት የካሜራ ቱቦዎች ያነሰና የረከሰ ስለነበረ ለዚህ መስፋፋት ብዙ ረድቷል። ሆኖም ቱቦው በውስጡ የሚግል ክር ነበረው፤ በብዙ መቶ የሚቆጠር ቮልትም ይፈልግ ነበር። በኃይለኛ ብርሃን ላይ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ጊዜ የተተከለ እንደሆነም የብርሃኑ ጥላ በገጹ ላይ ተቃጥሎ ይቀር ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ የካሜራው ማስታወሻ በስክሪኑ ፊት የተቀመጠው ዘበኛ ነበረ። የዘበኛ ዓይን ይደክማል፤ ቃሉም በክርክር ጊዜ ይለዋወጣል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአበው አነጋገር ለካሜራም የሚሠራ ሆኖ ተገኘ።

የቴፕ ዘመንና የተቆራረጠው ትውስታ

ምስልን በማግኔት ቴፕ ላይ ለማስቀረት የተደረገው ጥረት አጥጋቢ ውጤት ያገኘው በ1956 ነው። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር፣ በቻርልስ ጊንስበርግ የሚመራው የአምፔክስ ኩባንያ የባለሙያዎች ቡድን የሠራው የቪዲዮ መቅረጫ በቺካጎ ለብሮድካስት ባለሙያዎች ታየ። መሣሪያው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ቴፕ በሰከንድ 38 ሳንቲ ሜትር እየሳበ፣ በደቂቃ 14,400 ጊዜ በሚዞር ከበሮ ላይ በተተከሉ አራት የመቅረጫ ራሶች ምስሉን ይጽፍ ነበር። ዋጋው 50 ሺህ ዶላር ያህል ነበረ።

ይህ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ታላቅ እመርታ ቢሆንም ለጥበቃ ሥራ አይመችም ነበር። ምክንያቱን በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። በሰከንድ 38 ሳንቲ ሜትር የሚጓዝ ቴፕ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 33 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይኸውም ከአዲስ አበባ እስከ ዱከም ያለውን መንገድ ሊሸፍን ጥቂት የሚቀረው ርዝመት፣ ለአንድ ካሜራ አንድ ቀን ብቻ መሆኑ ነው። የቴሌቪዥን ጣቢያ የሚቀርጸው የመረጠውን ሰዓት ነው፤ ጠባቂ ግን ሌባ የሚመጣበትን ሰዓት ስለማያውቅ ሁሉንም መቅረጽ ይኖርበታል።

መፍትሔው ከካሴት ዘመን ጋር መጣ። ቪ.ኤች.ኤስ. የተባለው ካሴት በ1976 ከወጣ በኋላ፣ አምራቾች የ2 ሰዓቱን ካሴት ለ24፣ ለ168፣ እስከ 960 ሰዓት ድረስ የሚያዘልቁ የጥበቃ መቅረጫዎችን ሠሩ። ዘዴው ቴፑን እያቆሙ ማስኬድና በመካከሉ ያለውን ምስል መዝለል ነበር። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 60 ግማሽ ምስሎችን የሚያስተላልፍ በመሆኑ፣ በ24 ሰዓት አሠራር በሰከንድ 5 ብቻ ይቀረጹ ነበር። በ960 ሰዓት አሠራር ደግሞ በየ8 ሰከንዱ አንድ ብቻ ይቀር ነበር። በ8 ሰከንድ ውስጥ ሰው በር ከፍቶ፣ ዕቃ አንሥቶ ሊወጣ ይችላል። በዚህም ላይ ያው ካሴት በየሳምንቱ እየተመላለሰ ሲቀረጽበት ምስሉ እየደበዘዘ ይሄድ ነበር። የቴፕ ቁጠባ የተገኘው በማስረጃው ላይ ነበረ ማለት ነው።

ይህ ጉድለት ምን እንደሚያስከትል በየካቲት 1993 በእንግሊዝ አገር ታይቷል። በሊቨርፑል አጠገብ በምትገኘው ቡትል፣ አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን ከገበያ አዳራሽ ተወስዶ ተገደለ። የአዳራሹ ካሜራ ሕፃኑ በሁለት ልጆች ተመርቶ ሲሄድ ቀርጾ ነበር፤ ምስሉም በአገሪቱ ሁሉ ታየ። ይሁን እንጂ ምስሉ የደበዘዘ ከመሆኑ የተነሣ ፊታቸው በግልጽ አልታወቀም፤ ዕድሜያቸውም በመጀመሪያ ከእውነተኛው ከፍ ተደርጎ ተገመተ። ልጆቹ የ10 ዓመት ዕድሜ ብቻ የነበራቸው ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ለከተማ ካሜራዎች ብዙ ገንዘብ መደበ።

የሽቦው ጉዳይ

መዝገቡ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ የካሜራው የኃይል ፍላጎት ተለውጦ ነበር። በ1969 በቤል ላቦራቶሪ ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ ያፈለቁት፣ ሲ.ሲ.ዲ. የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ጠፍጣፋ ቁስ በ1980ዎቹ የቱቦውን ቦታ እየያዘ ሄደ። የሚግለው ክር ስለቀረ ካሜራው በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ሆነ። ሶኬት በሌለበት አጥር ላይም በቀጭን ሽቦ መትከል ተቻለ።

ችግሩም ከዚሁ ከቀጭኑ ሽቦ ተወለደ። 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ 100 ሜትር ተዘርግቶ ካሜራ ቢያገናኝ፣ መሄጃውና መመለሻው ተደምሮ ወደ 7 ኦም የሚጠጋ ተቃውሞ ይኖረዋል። ካሜራው ቀን 0.2 አምፒር ቢስብ በመንገድ ላይ 1.4 ቮልት ይጠፋና 10.6 ቮልት ይደርሰዋል፤ ሊሠራም ይችላል። ማታ የጨለማ ማያ መብራቶቹ ሲበሩ 0.5 አምፒር ቢስብ ግን 3.5 ቮልት ይጠፋና የሚደርሰው 8.5 ቮልት ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ካሜራ ተካዩ ቀን ሲፈትነው እንከን የለበትም፤ ሌባ በሚመጣበት ሰዓት ግን ይጠፋል። ብዙ ባለንብረት ካሜራውን ለውጦ ችግሩ ያልተወገደለት ጥፋቱ የሽቦው ስለሆነ ነው።

መሠረታዊው መድኃኒት ቮልቴጁን ከፍ ማድረግ ነው። ያው 6 ዋት በ48 ቮልት ቢላክ ኮረንቲው ወደ 0.125 አምፒር ዝቅ ይላል፤ በተጠቀሰው ሽቦ ላይ የሚጠፋውም 1 ቮልት አይሞላም። ይህ አሠራር ሥርዓት የያዘው ካሜራ ከኮምፒዩተር መረብ ጋር ከተገናኘ በኋላ ነው። በ1996 የስዊድኑ አክሲስ ኩባንያ የመጀመሪያውን የመረብ ካሜራ አወጣ፤ በከፍተኛ ጥራቱ አንድ ምስል ለመላክ 17 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። በ2003 ደግሞ ኃይልና መረጃ በአንድ የመረብ ኬብል እስከ 100 ሜትር እንዲጓዙ የሚያስችለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ጸደቀ። በዚህ ደረጃ ከመነሻው የሚላከው እስከ 15.4 ዋት ሲሆን፣ በኬብሉ ላይ የሚጠፋው ታስቦ ለመሣሪያው የተረጋገጠለት 12.95 ዋት ነው። የሽቦው ብክነት ከመጀመሪያው በሒሳብ ውስጥ መግባቱ የደረጃው ታላቅ ጥበብ ነው።

ዲስክና ዝምተኛው ብልሽት

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዲስክ ካሴትን ተካ። ዲስኩ ሲሞላ ከአሮጌው ቀረጻ ጀምሮ በራሱ እየደመሰሰ ስለሚቀርጽ፣ ካሴት የሚለውጥ ሰው አላስፈለገም። ሒሳቡ ግን አልቀረም። በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን ወደ 43 ጊጋ ባይት ይሞላል። እንዲህ ያሉ 16 ካሜራዎች ለ30 ቀን ቢቀረጹ ከ20 ቴራ ባይት በላይ ይፈልጋሉ። ይህን ሳያሰላ 4 ቴራ ባይት ዲስክ የገጠመ ሰው አንድ ወር ሙሉ የሚያስታውስ መስሎት አንድ ሳምንት ባልሞላ ትውስታ ይኖራል።

ከዚህም የከፋው ዲስክ ሲበላሽ ዝም ማለቱ ነው። ካሴት ቢቆረጥ ሰው ያየዋል፤ ዲስክ ቢሞት ግን በስክሪኑ ላይ ያለው ምስል እንደ ወትሮው መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። በነሐሴ 2019 ጄፍሪ ኤፕስታይን ሞቶ በተገኘበት የኒው ዮርክ ወኅኒ ቤት የሆነው ይኸው ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ተቆጣጣሪ በሰኔ 2023 ባወጣው ሪፖርት እንደተገለጸው፣ ከሁለቱ የመቅረጫ ሥርዓቶች በአንዱ ዲስኮች ከመበላሸታቸው የተነሣ፣ ከሐምሌ 29 ጀምሮ የተቋሙ ካሜራዎች ግማሽ ያህሉ የሚያዩትን አይቀርጹም ነበር። በቀጥታ ግን ያሳዩ ነበር። ሪፖርቱ ሰውየው ራሱን አጥፍቷል የሚለውን ውሳኔ የሚያፈርስ ማስረጃ አላገኘም፤ ሆኖም መዝገብ በጎደለበት ስፍራ ወሬ ገብቶ ተቀመጠ። ከፔኔሙንደ ከ77 ዓመት በኋላ፣ በዓለም ታላላቅ ከተሞች በአንዱ፣ ካሜራ እንደገና የሚያይ እንጂ የማያስታውስ ዓይን ሆኖ ተገኘ።

ለባለሙያው የሚቀረው

መብራት በሚቆራረጥበት አገር ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ብዙ ነው። ካሜራ፣ የመረብ ማከፋፈያና መቅረጫ አንድ ሰንሰለት ናቸው። መቅረጫው በባትሪ ተደግፎ ማከፋፈያው ከተረሳ፣ መብራት ሲጠፋ የሚቀረጸው ባዶ ነው። ኃይል ሲመለስም የመቅረጫው ሰዓት መፈተሽ አለበት። መቅረጫው በአብዛኛው በአውሮፓ ቀንና ከእኩለ ሌሊት በሚነሣ ሰዓት ስለሚጽፍ፣ 14 ሰዓት ብሎ የመዘገበው በእኛ አነጋገር ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ይህ በርክክብ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ካልሰፈረ፣ በፍርድ ቤት እውነተኛው ምስል ሐሰተኛ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ አንድ የካሜራ ሥራ ተጠናቀቀ የሚባለው ምስሉ በስክሪን ላይ ሲታይ አይደለም። በምሽት፣ መብራቶቹ ሁሉ በርተው፣ በመጨረሻው ካሜራ ጫፍ ላይ ቮልቴጁ ሲለካ፣ ዋናው ኃይል ሆን ተብሎ ሲቋረጥና ከአንድ ሳምንት በፊት የተቀረጸው ምስል ከዲስኩ ወጥቶ ሲታይ ነው። ባለንብረቱ የከፈለው ለዓይን ብቻ መስሎት ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ግን ምስክር ነው።